መኪናው አልነሳ ሲል፦ ድሬ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና አልነሳ ካለ ምክር ከየጥላው ስር ይጎርፋል። የሰዉ ቅንነት ደስ ይላል። ችግሩ፣ ከምክሩ ብዙው ደህና ዕቃ ያስቀይራል።

«ባትሪ የሚገድለው ብርድ ነው፤ የድሬ ባትሪ ምን ይሆናል?»
ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብርድ የባትሪን ጉልበት ለጊዜው ይቀንሳል። ዕድሜውን የሚበላው ግን ሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፤ የእርሳስ ሳህኖቹም ቶሎ ይበላሉ። ስለዚህ እዚህ ቆላ የሚሠራ ባትሪ ሐረር ካለው ቀድሞ ቢደክም አይግረማችሁ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃውን ቶሎ ቶሎ እዩ፤ ሳህኖቹ በውሃው መሸፈን አለባቸው። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው የቧንቧ ውሃችን በፍጹም አይሆንም። አሲድም አትጨምሩ፤ የተነነው ውሃው ነው።

«መብራቱ ይበራል፤ ባትሪው ደህና ነው»
ለሬዲዮና ለውስጥ መብራት ጥቂት አምፔር ይበቃል። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን የትንሽ መኪናም ቢሆን ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ቆሞ ያደረ መኪና ላይ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ላይ ከወረደ ባዶ ሊባል ይችላል።

«ቀጭ ካለ ሞተሪኖው ሞቷል»
ብዙ ብር ያለአግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የፊት መብራቱን አብሩና አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ እናንተ ከፊት ቆማችሁ እዩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ መብራቱ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ በደንብ አልያዘም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ብሎ መብራቱ ካልተነካ፣ ያኔ ሞተሪኖውን ብትጠረጥሩ ልክ ናችሁ። ከሁሉ በፊት ግን የባትሪው ራስ ላይ ያለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተመልከቱ። ሞተሩ ጠፍቶ ገመዶቹን ንቀሉ፤ መጀመሪያ ኔጌቲቩን። በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወጥቶ ሻሲው ላይ የታሰረውን የማሳ ገመድም አትርሱ።

«ግፉት፣ ይነሳል»
መግፋት የሚረዳው ባትሪ ወይም ሞተሪኖ እምቢ ሲል ነው፤ ያውም ማንዋል ካምቢዮ ላይ። ሞተሩ በጉልበት እየዞረ ካልነሳ ግን ችግሩ ነዳጅ ወይም እሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ነው። ቁልፉን ሳታስነሱ ክፈቱና ጆሯችሁን ወደ ኋላ ወንበር ጣል አድርጉ። ብዙ የቤንዚን መኪናዎች ላይ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝ ይላል። ዝም ካለ ፊውዙን እዩ። እንደ ፔጆ 404 ያለ ባለካርቡራቶር ደግሞ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ጠፍቶ አልነሳ ካለ፣ ቤንዚኑ መስመር ውስጥ ተኖ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ይቀዝቅዝ።

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው»
እባካችሁ ይህን ማንም እንዲያደርግባችሁ አትፍቀዱ። ገመዱ ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘላል፤ የዘመኑን መኪና ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል። 12 ቤት ውስጥ ከቀረ አዲስ ባትሪም አያድናችሁም። ዲናሞውን ከማስፈታታችሁ በፊት ግን ሞተሩን አጥፉና ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቶ እንደሆነ በጣት ጫን ብላችሁ እዩት።