«ዳንቴል የሥራ ፈት ሥራ ነው» እና ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች

ቡራኖ ከቬኒስ በጀልባ የሚኬድባት ትንሽ ደሴት ናት። ሰው የሚሄደው ባለ ቀለም ቤቶቿን ፎቶ ለማንሳት ነው። አደባባዩ ዳር ግን ቀድሞ የዳንቴል ትምህርት ቤት የነበረ ሕንፃ አለ፤ አሁን የዳንቴል ሙዚየም ሆኗል። ብዙ ጎብኚ በጥቂት ደቂቃ ዞሮት ይወጣል። «ነጭ ጨርቅ ነው፣ እናቴም ቤት ሞልቷል» ብሎ ነው የሚያልፈው።

በእሱ አይፈረድም። ስለ ዳንቴል ስንሰማ የኖርነው አብዛኛው ነገር ልክ አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዳንቴል ሁሉ በኪሮሽ ነው የሚሠራው»

እኛ ቤት፣ አዎ። የቴሌቪዥኑ ልብስ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የጠረጴዛው ክብ ጌጥ፣ ሁሉም የኪሮሽ ሥራ ነው። ይህም ዳንቴል ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። አየርላንድ ውስጥ በ1840ዎቹ ድንቹ ተበላሽቶ ረሃብ ሲገባ፣ የኪሮሽ ዳንቴል ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ገመድ ሆኖ ነበር።

አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ የምታዩት አሮጌ ዳንቴል ግን በአብዛኛው ከሁለት ሌሎች መንገዶች የመጣ ነው። አንደኛው በትራስ ላይ የሚሠራው ነው። ንድፉ ትራሱ ላይ በስፒል ይያዛል። ክሮቹ በትንንሽ የእንጨት ማጠንጠኛዎች ላይ ተጠቅልለው ይንጠለጠላሉ። ሠሪዋ ማጠንጠኛዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ታጠላልፋለች፣ ትጠመዝዛለች፣ በስፒል ታስይዛለች። ለአንድ ሥራ ማጠንጠኛው በደርዘን ይቆጠራል፤ ለከባዱ ደግሞ በመቶ።

ሁለተኛው የቡራኖው ነው። በአንዲት ተራ የስፌት መርፌ ብቻ ይሠራል። መጀመሪያ ንድፉ ወረቀት ላይ ይሣላል። ወረቀቱ ከሥሩ ጨርቅ ተደርቦለት ይሰፋል። ከዚያ በንድፉ መስመር ላይ ክር ይዘረጋና በትንንሽ ስፌት ይያዛል። ይህ ክር የሥራው አጥንት ነው። ከዚህ በኋላ መርፌዋ ወረቀቱን ሳትወጋ፣ በአጥንቶቹ መሃል ብቻ እየተመላለሰች ባዶውን ቦታ ትሞላለች። ስፌቱ የኮት ቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ የሚሰፋበት ዓይነት ነው፤ እዚህ ግን የሚወጋው ጨርቅ የለም። ክር ክርን ነው የሚይዘው። ሲያልቅ ከሥር ያሉት ማስያዣ ስፌቶች ይቆረጣሉ፣ ዳንቴሉም ከወረቀቱ ተላቆ ይነሣል። ጣሊያኖቹ «በአየር ላይ ስፌት» ያሉት እንዲሁ አይደለም።

ቡራኖ ላይ ደግሞ ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንዷ አጥንቱን ትዘረጋለች፣ ሌላዋ መደቡን ትሞላለች፣ ሌላዋ ጌጡን ታሳምራለች። አንድ መሐረብ የብዙ ሰው እጅ ነው።

«ከጥንት ጀምሮ የነበረ ጥበብ ነው»

ጨርቅ ጥንታዊ ነው፣ ጥልፍም ጥንታዊ ነው። ዳንቴል በዚህ መልኩ የተነሣው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቬኒስና ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም) አካባቢ ነው። በትራስ ለሚሠራው ዳንቴል ቬኒስ ውስጥ በ1557 የንድፍ መጽሐፍ ታትሟል። የቆጵሮሷ ሌፍካራ መንደር ደግሞ «ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1481 መጥቶ ከእኛ ገዝቷል» ትላለች። ደስ የሚል ወሬ ነው። ማስረጃ ግን የለውም።

«የሥራ ፈት ሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ ነው»

ይህ አባባል እኔን በጣም ያናድደኛል። የሀብታም ቤት ሴቶች ለደስታቸው የሠሩት አለ። ሙዚየም የገባው አብዛኛው ግን የእንጀራ ሥራ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዳንቴል የመንግሥት ራስ ምታት ነበር። የፈረንሳይ መኳንንት የቬኒስ ዳንቴል ሲገዙ ገንዘቡ ከአገር ይወጣል። የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሰው ኮልቤር ይህን አይቶ በ1665 የንጉሡ የዳንቴል ማምረቻዎች እንዲቋቋሙ አደረገ። አላንሶን ከተማ አንዷ ነበረች። ሙያውን የሚያስተምሩ ሴቶችም ከቬኒስ መጡ። ዛሬ መንግሥታት ስለ ኮምፒውተር ቺፕ ይጣላሉ፤ ያኔ ስለ ክር ነበር የሚጣሉት።

ቡራኖም ዝናዋ አንድ ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ነው። በ1872 ክረምቱ ከፋ። ባሕሩ በረዶ ሆኖ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ሥራ ፈታ። ደሴቲቱን ለመርዳት የተነሡት ፓውሎ ፋምብሪና ካውንቴስ አንድሪያና ማርቼሎ የዳንቴሉን ሥራ መልሶ ማስጀመር አሰቡ። ችግሩ፣ አሮጌውን ስፌት የምታውቅ ሰው ጠፍታ ነበር። የተገኙት አንዲት አሮጊት፣ ቼንቺያ ስካርፓሪዮላ ብቻ ናቸው። እሳቸውም መሥራት እንጂ ማስተማር አይችሉም። ስለዚህ የመንደሩ አስተማሪ አጠገባቸው ተቀምጣ እያየች ተማረችና ለልጃገረዶች አስተማረች። ትምህርት ቤቱ ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ሠራ። ከተዘጋ በኋላ ሕንፃው በ1981 ሙዚየም ሆነ። አንድ ሙሉ ሙያ በአንዲት እናት ጣቶች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ስሎቬኒያ ውስጥ ኢድሪያም እንዲሁ ነበረች። የሜርኩሪ ማዕድን ከተማ ነበረች። የማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ ወር አያደርስም ነበር፤ ሚስቱ በትራሷ ላይ ዳንቴል እየሠራች ጎዶሎውን ትሞላ ነበር። የዳንቴል ትምህርት ቤቷ በ1876 ተከፍቶ ዛሬም ያስተምራል።

ትርፉን የሚበላው ግን በየቦታው ነጋዴው ነበር። ሥራው ዓይን ይጨርሳል። ትንንሽ ልጆችም ይሠሩ ነበር። ፍላንደርስ ውስጥ ምርጡ ክር ደርቆ እንዳይበጠስ ርጥበት ባለው ምድር ቤት ውስጥ ነበር የሚፈተለው። እዚያ ውስጥ ቀን ሙሉ የተቀመጠችውን ሴት «ሥራ ፈት» ማለት ይከብዳል።

«የሴት ጌጥ ነው»

የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ነገሥታት ሥዕል እዩ። አንገታቸው ላይ፣ እጅጌያቸው ላይ፣ አንዳንዱም ቦት ጫማው አፍ ላይ ዳንቴል አለ። ወንዱ ነበር የሚያጌጥበት፣ ከፋዩም እሱ ነው። ካህናትም ለብሰውታል።

«ከጥጥ ነው የሚሠራው»

ጥጥ በሰፊው የገባው ዘግይቶ ነው። የድሮው ምርጥ ዳንቴል ከተልባ ግንድ የሚወጣ ክር ነው፣ ማለትም ሊነን። የፈረንሳይ ጥቁር ሻንቲዪ ዳንቴል ሐር ነው። የወርቅና የብር ክርም አለ።

እኔን የገረመኝ ግን የክሮኤሺያው ነው። ኽቫር ከተማ ያሉ የቤኔዲክት ገዳም መነኮሳይያት ዳንቴል የሚሠሩት ከአጋቭ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ከፍተው ከመሃሉ ነጭ ቀጭን ክር ያወጣሉ። አጋቭ እኛ ቃጫ የምናወጣበት ተክል ዘመድ ነው። እኛ ገመድ ሠራንበት፣ እነሱ መረብ የመሰለ ዳንቴል።

«የእጅ ነው ካሉ የእጅ ነው፤ የማሽን ከሆነ ደግሞ እርባና የለውም»

ሁለቱም ስህተት ነው።

ቡራኖ መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ዳንቴል የደሴቲቱ አይደለም፤ ከሌላ አገር የገባ ነው። ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። የአላንሶን የመርፌ ዳንቴል ለአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 7 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አምስት በአምስት ሴንቲሜትር የሆነች ቁራጭ 175 ሰዓት ናት። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ ከአንድ ወር ያልፋል። እንግዲህ ትልቅ የጠረጴዛ ልብስ በቁርስ ዋጋ «በእጅ የተሠራ» ሲባል ጠርጥሩ።

መለየት ከፈለጋችሁ አጉሊ መነጽር ያዙ። የማሽኑ ሥራ አበባው ሁሉ መንታ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ጫፉ ላይ የተቆረጠ ክር ጸጉሩ ወጥቶ ይታያል። የመርፌ ዳንቴል አስመስሎ የሚሠራም ማሽን አለ። በሚሟሟ ጨርቅ ላይ ይጠልፍና ጨርቁን ያሟሟዋል፤ ጥልፉ ብቻውን ይቀራል። ከሩቅ ያታልላል። በመነጽር ግን የቁልፍ ቀዳዳው ስፌት የለም፤ የተጨናነቀ የማሽን ክር ነው የምታዩት።

የማሽን ዳንቴል ግን የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት የዳንቴሉን መረብ የሚሠራውን ማሽን የፈለሰፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። በ1816 የማሽን ተቃዋሚዎች ላፍብራ ከተማ የነበረውን ፋብሪካውን ገብተው ሰባበሩበት፤ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቲቨርተን ከተማ ሄደ። ሌቨርስ የሚባለው የዳንቴል ማሽን የ1813 ነው፤ በዚያ የሚሠራው የፈረንሳይ ካሌ ዳንቴል ዛሬም ውድ ነው። በ2011 ኬት ሚድልተን ስታገባ የለበሰችው ቀሚስ ላይ ያለው የአበባ ዳንቴልም በማሽን የተሠራ ነበር። ጠላፊዎቹ አበባዎቹን እየቆረጡ አንድ በአንድ በእጅ ሰፏቸው፣ እንዳይቆሽሽም በየግማሽ ሰዓቱ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር።

«ሙያው አብቅቶለታል»

ቡራኖ ላይ የሚያሰጋ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ሴቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሌላው ቦታ ግን ሁሉም እንደዚያ አይደለም። ዩኔስኮ የክሮኤሺያን ዳንቴል በ2009፣ የአላንሶንን በ2010፣ የስሎቬኒያን የትራስ ዳንቴል በ2018 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። መዝገብ ብቻውን ሙያ አያድንም። አላንሶን ላይ አንዲት ሠራተኛ ሙሉ ባለሙያ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ዓመት ትማራለች። ይህን የሚችል ደመወዝ ሲኖር ብቻ ነው የሚቀጥለው።

«ሙዚየሙ ጨለም ያለው መብራት ለመቆጠብ ነው»

አይደለም። ብርሃን ክርን ይበላል። ጉዳቱ ደግሞ ይጠራቀማል። ዛሬ የደረሰበት ነገ ጨለማ ውስጥ ስላረፈ አይድንም። ለዚህ ነው ሙዚየሞች ለጨርቃ ጨርቅ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ የሚጠቀሙት። መስኮት አጠገብ ቀን ላይ የሚገባው ብርሃን በሺዎች ሉክስ ይቆጠራል። አንድ ሥራ ለጥቂት ወራት ይታይና ወደ መሳቢያው ይመለሳል፤ ሌላው ይተካዋል። «ባለፈው ያየሁት የት ሄደ?» ካላችሁ፣ አርፎ ነው።

ይህን የምጽፈው ለቡራኖ ጎብኚ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም፣ የማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ የእናቶችን ዳንቴልና ጥልፍ ለማሳየት የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ግድግዳ ላይ በሚስማር አትስቀሉት። ክብደቱ በሁለት ቀዳዳ ላይ ያርፍና ይቀደዳል። ጋደም ባለ ሰሌዳ ላይ አስተኙት። ከሥሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ አድርጉ፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም። ጨርቁን ግን አስቀድማችሁ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ቀለሙ እንዳይወርስ። አጉሊ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ይኑር።

ካርዱም አለ። «ዳንቴል፣ ነጭ» ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው። ነጭ መሆኑን ሰው ያየዋል። ማን ሠራችው፣ የት፣ መቼ፣ ለምን? ብዙ የአውሮፓ ሙዚየም ይህን አያውቅም፤ የገዢው ስም ተመዝግቦ የሠሪዋ ቀርቷል። የእኛዎቹ እናቶች በሕይወት አሉ፣ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

«በነጭ ጓንት ነው የሚያዘው፣ በረኪና ያነጣዋል፣ ስታርች ያቆየዋል»

ሦስቱንም ተዉ። የጨርቅ ጓንት ክሩን ይይዝና ይጎትታል። የታጠበና የደረቀ ባዶ እጅ ይሻላል፤ ቀለበትና አምባር ግን አውልቁ። በረኪና ያነጣል፣ እውነት ነው፤ ክሩንም አብሮ ያደክማል። ስታርችና የስኳር ውሃ ለዕለት ያሳምራል። ጓዳ ሲቀመጥ ግን ለነፍሳት ምግብ ነው፣ እጥፋቱም ላይ ክሩ ይሰበራል።

ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት ስታርቹን በንጹሕ ውሃ አስለቅቁ፤ ማጠቡ ለጠንካራው የጥጥ ኪሮሽ እንጂ ለአሮጌ ዳንቴል ያለ ባለሙያ አይሞከርም። በደንብ ይድረቅ። አጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ አሲድ በሌለው ወረቀት በተሸፈነ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ላስቲክ ውስጥ አታፍኑት፣ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ይበቃዋል። ከእንጨት ሣጥን ጋርም በቀጥታ አይነካካ፤ እንጨቱ የሚያወጣው አሲድ ያቢጨዋል።