ከሙቀት ኤሌክትሪክ ስለማመንጨት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሙቀት ካለ ኤሌክትሪክ አለ።»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስሕተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም ከሞላ ጎደል የእሱ ልጆች ናቸው። በብዛት የሚሸጠው የቴርሞኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ማለትም ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ወርድና ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጭ ብስኩት የመሰለ ነገር ነው፤ በሆዱ ውስጥ 127 ጥንድ የሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያሳልፍ ቁስ) እግሮች ተደርድረዋል። ውሃ በሚፈላበት ድስት ክዳን ላይ አስቀምጡትና ሽቦዎቹን ከቮልት መለኪያ ጋር አገናኙ። ቁጥሩ ፈጥኖ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ቁልቁል ይመለሳል። ውሃው እንደፈላ ነው፤ የተለወጠው የሰሌዳው የላይኛው ፊት መሞቁ ነው። በረዶ ሲያርፍበት ቁጥሩ እንደገና ያንሰራራል። ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋቸው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው።

«ናኖ ከሆነ ግን ልዩነት አያስፈልገውም፤ ከአየሩ ሙቀት ይለቅማል።»

አይለቅምም። ናኖ የሚባለው በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ያለ ሙቀት ልዩነት ከሙቀት ሥራ አይገኝም የሚለው ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ግን ትልቅ ትንሽ አይልም። በሁሉም በኩል እኩል በሞቀ መሣሪያ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይርመሰመሳሉ፤ ወዲህ የሄደውን ያህል ግን ወዲያ ይመለሳል። በር ጠባቂ እንዲሆን ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ቢጨመርም፣ በሩ ራሱ በዚያው ሙቀት ይንቀጠቀጣል።

«ናኖ ማለት ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማለት ነው።»

የናኖ ዋና ሥራ ማገድ ነው። ጥሩ ቁስ ኤሌክትሪክን እንደ ብረት ማሳለፍ፣ ሙቀትን ደግሞ እንደ ብርጭቆ መከልከል አለበት፤ አለዚያ ሙቀቱ ያለ ሥራ አቋርጦ ይሄድና ልዩነቱን ያጠፋዋል። በሴሚኮንዳክተር ውስጥ ሙቀትን በአብዛኛው የሚሸከመው ፎኖን የሚባለው የአተሞች ንዝረት ነው። በሲሊከን ውስጥ ብዙዎቹ ፎኖኖች ሳይጋጩ ከመቶ ናኖሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ የኤሌክትሮኖች እርምጃ ከዚያ በጣም ያጥራል። ስለዚህ ቁሱ በሽቦ መልክ ተሠርቶ ሽቦው ሲቀጥንና ገጹ ሲሻክር ፎኖኖቹ ከግድግዳው ጋር ይላተማሉ፣ ኤሌክትሮኖቹ ግን ብዙም አይደናቀፉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተሙ ሁለት ጥናቶች እንዲህ ያሉ የሲሊከን ሽቦዎች ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅማቸው ወደ መቶኛው እንደሚወርድ አሳይተዋል። ሻካራነት እንደ ጥራት ሲቆጠር የማውቀው እዚህ ብቻ ነው።

«ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያሳልፍ መዳብ ይሻላል።»

መዳብ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት ሁለት ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል፤ በእነዚህ ሰሌዳዎች ውስጥ የተለመደው ሴሚኮንዳክተር፣ ቢዝመት ቴሉራይድ፣ ሁለት መቶ ገደማ። በዚያ ላይ የመዳብ ኤሌክትሮኖች ሙቀቱንም አብረው ያሻግራሉ።

«አዲስ ግኝት ነው።»

ቶማስ ዜቤክ ክስተቱን ያየው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው፤ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አይቶ ነገሩን ማግኔታዊነት ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቁት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮችም ከፕሉቶኒየም ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚሁ ዘዴ ነው።

«በሰውነት ሙቀት ስልክ እንሞላለን።»

በ37 ዲግሪ ሰውነትና በ25 ዲግሪ አየር መካከል የተፈጥሮ ሕግ የሚፈቅደው ጣሪያ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም፤ መሣሪያው የሚይዘው ደግሞ የዚያን ጥቂት ክፍልፋይ ነው። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1998 በእጅ ሙቀት የሚሠራ ሰዓት ለገበያ ማቅረብ የቻለው፣ ሰዓት በማይክሮዋት (በዋት ሚሊዮንኛ) ስለሚኖር ነው። እሱም ቢሆን ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ሁለቱም ፊቶቹ እኩል ይሆኑና ማመንጨቱን ያቆማል።