ስለ ድንች ጥብስ የሚባለውና እውነታው

«አቆራረጡ ለዓይን ነው እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።»
አይደለም፤ እሳቱንም ሰዓቱንም የሚወስነው አቆራረጡ ነው። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆነው፣ አንዴ ተጠብሶ ይበቃዋል። የቤልጂየሞቹ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግን በአንድ ዙር ቢወጣ ወይ ውጩ ያርራል ወይ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ጥምዝምዙና ወንፊት መሳዩ ዋፍል ገጻቸው ሰፊ ስለሆነ ይበልጥ ኩርሽም ይላሉ፤ በዚያው ልክ ዘይትም ይይዛሉ።

«ሁለቴ የሚጠበሰው የትናንት ትራፊ ነው።»
ትራፊ የሚያሞቅ አይጠፋም፤ ሁለቴ መጥበስ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። 1 ኪሎ ድንች ልጦ፣ 1 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ፤ ውሃው እስኪጠራ ሁለት ሦስቴ ማጠብ፤ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፤ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ። ስታርቹ ካልታጠበ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ እርጥብ ከገባ ዘይቱ ይገነፍላል። 2 ሊትር ዘይት ከግማሽ በላይ በማይሞላው ድስት ይጋላል፤ ድንቹ በ250 ግራም፣ በ250 ግራም ይገባል። ኪሎው በአንዴ ከተገለበጠ ዘይቱ ይበርድና ድንቹ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የመጀመሪያው ዙር በ150 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳይቀላ፣ ሲያነሱት ጎበጥ ሲል ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ በ180 ዲግሪ ይመለሳል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

«ኮምቦልቻ የሠራው ደሴም ይሠራል።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያሉት ዲግሪዎች ለቆላ አገር ናቸው። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የድንቹ መሃል እርጥበት እስካለው ድረስ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይበስላል። ዘይቱ ግን ከፍታ አያውቅም፤ ውጩን እንደ ቆላው ያጠቁረዋል። መፍትሔው ደሴ ላይ ሁለቱንም ዙር ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ሰዓቱን ማስረዘም ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ፍሬ ጣል ማድረግ ነው፤ ረጋ ብሎ አረፋ ካወጣ ለመጀመሪያው ዙር ይሆናል፤ ወዲያው ከተንጫጫ ለሁለተኛው።

«ድንች ጥብስ መቼም የፆም ነው።»
እንደተጠበሰበት ነው። በቤልጂየም ባህሉ የበሬ ስብ ነው፤ ማክዶናልድስም አሜሪካ ውስጥ እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) በአብዛኛው የበሬ ስብ የሆነ ቅባት ይጠቀም ነበር። እኛው ሰፈር ደግሞ የሥጋ ሳምቡሳ የወጣበት ዘይት አለ። ለክርስቲያኑ የፆም፣ ለሙስሊሙ የእርድ ጥያቄ ነውና ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነውር የለውም።

«ድንች ጥብስ በእንግሊዝኛ ‹ፍሬንች ፍራይስ› (የፈረንሳይ ጥብስ) የተባለው የአሜሪካ ወታደሮች ቤልጂየም ውስጥ ፈረንሳይኛ ሰምተው ነው።»
ታሪኩ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው የሚያወራው። ስሙ ግን በ1856 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የእንግሊዝኛ የምግብ መጽሐፍ ላይ ታትሟል። ያኔ ወታደሮቹ ገና አልመጡም ነበር።

«ድንች ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።»
ለጥብስ አይሆንም። ከ6 ዲግሪ በታች ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል፣ ይመራል። ጨለም ያለ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይበቃዋል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው፤ መርዙ በዘይት አይጠፋም።

«ዘይት የሚጠጣው ድስቱ ውስጥ እያለ ነው።»
አብዛኛውን የሚስበው ከወጣ በኋላ፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ በወንፊቱ እንዳለ ከዘይቱ በላይ ደህና አድርጎ ማራገፍ፣ ወዲያው ወረቀት ላይ ዘርግቶ ጨውና ሚጥሚጣውን ትኩስ እያለ መነስነስ።