የትሪታይድ እርጅና ምንድን ነው?

ጨረር አመንጪ የሃይድሮጅን ዓይነት የሆነውን ትሪቲየምን በጋዝነቱ ማስቀመጥ ቦታ ይፈጃል፣ ለማምለጥም ይመቸዋል። ስለዚህ ፓላዲየም፣ ዩራኒየም ወይም ታይታኒየም እንዲውጠው ይደረጋል። የሚፈጠረው ውሁድ ትሪታይድ ይባላል፤ ሲሞቅ ጋዙን መልሶ ይሰጣል። ነገር ግን ትሪቲየም ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ስለሆነ በየዓመቱ 5.5 በመቶ ያህሉ እዚያው ብረቱ ውስጥ እንዳለ ወደ ሂሊየም-3 ይለወጣል። በዚህ ሂሊየም ምክንያት ብረቱ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ነው እርጅና የሚባለው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በጨረሩ ያሳብባል፤ ስህተት ነው። አዲስ የተወለደው ሂሊየም የሚያገኘው የግፊያ ጉልበት ከ4 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶሞች ጉልበት መለኪያ) በታች ነው፤ የብረት አቶምን ለማፈናቀል ግን 20 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ትሪቲየሙ ሲለወጥ የሚወጣው የቤታ ቅንጣት፣ ማለትም ኤሌክትሮን፣ እጅግ ቀላል ስለሆነ አቅሙ አይበቃም።

ሂሊየም በብረት ውስጥ አይሟሟም። በአቶሞቹ መካከል ይሹለከለካል፤ ጥቂቶች ሲገናኙ ግን አንድ የብረት አቶም ገፍተው ያስወጡና ክፍተቱ ውስጥ ይሰፍራሉ። ከዚያ በኋላ መውጫ የላቸውም። ክፍተቱ ሌሎችን እየሰበሰበ አረፋ ይሆናል። በፓላዲየም ውስጥ የአረፋው ስፋት 1 ወይም 2 ናኖሜትር ቢሆንም ግፊቱ የሚለካው በጊጋ ፓስካል ነው (አንዱ ከተራ የአየር ግፊት 10,000 እጥፍ ያህል)። አረፋው ባደገ ቁጥር ዙሪያውን ያሉትን አቶሞች ስለሚገፋ ብረቱ ያብጣል።

ለዓመታት ከሂሊየሙ የሚወጣው ከ1 በመቶ በታች ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ በዚያው ሙቀት የሚገኘው የትሪቲየም ግፊት ይቀንሳል፣ ከፊሉም አልወጣም ብሎ ይቀራል። የቀረውን ለማስለቀቅ ዲዩቴሪየም (ጨረር የሌለው ከባድ ሃይድሮጅን) ደጋግሞ ማስገባትና እያሞቁ ማውጣት ይረዳል፤ ሂሊየሙን ግን ይህ ሙቀት አይነቀንቀውም።

ዝምታው የሚሰበረው በአረፋዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነው። በታይታኒየም ይህ የሚሆነው ለአንድ የብረት አቶም 0.3 ገደማ ሂሊየም ሲደርስ ነው፤ በትሪቲየም ሙሉ ለሙሉ ከተሞላ እዚያ ለመድረስ 3 ዓመት አይፈጅበትም። ፓላዲየም እስከ 0.5 አካባቢ ይታገሣል፣ ትሪቲየም የሚይዘውም ያነሰ ስለሆነ ዳግም ሳይሞላ ከተተወ 30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በየጊዜው እየሞሉ ለሚጠቀሙበት ግን ጊዜው በእጅጉ ያጥራል።

የወጣው ሂሊየም በዱቄት መልክ የተቀመጠውን ብረት ከቦ አዲስ ትሪቲየም እንዳይደርስ ይከለክላል። መፍትሔው ጋዙን በዱቄቱ ውስጥ ማዘዋወርና ሂሊየሙን በፓምፕ ስቦ ማውጣት ነው። ይህ ሂሊየም-3 አይጣልም፤ ለኒውትሮን መለያ መሣሪያ ይፈለጋል።

ትሪታይድ ታሽጎ የሚቆይበት ዕቃ የግድግዳ ጥንካሬ ሲሰላ ብረቱ ሂሊየሙን ይይዘዋል ብሎ መተማመን አደጋ አለው። 1 ግራም ትሪቲየም በ10 ዓመት ውስጥ፣ በ0 ዲግሪ ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ሲለካ፣ 3.2 ሊትር ገደማ ሂሊየም ይሰጣል፤ ስሌቱ ሁሉም ይወጣል ተብሎ መሠራት አለበት።