ስለ አይጠየፍና ስለ ንጉሥ ሚካኤል ቤት ደሴ ላይ የሚወሩ ስሕተቶች

ደሴ ገብታችሁ "የንጉሡ ግቢ የት ነው?" ብትሉ አንዱ አይጠየፍን፣ ሌላው መርሆ ግቢን፣ ሦስተኛው ሙዚየሙን ያሳያችኋል። የሦስቱ ባለቤት ግን አንድ አልነበረም። አይጠየፍ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ነው። መርሆ ግቢ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበር። ሙዚየሙ ያረፈበት ቤት ደግሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር፤ በ2014ቱ ጦርነት ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ተዘርፏል። ቤቶቹ ሲደባለቁ የባለቤቶቻቸውም ታሪክ አብሮ ተደባልቋል።

"ሚካኤል ክርስትና የተነሡት የምኒልክን ልጅ ለማግባት ነው።" ዘመኑ አይገጥምም። መሐመድ አሊ ሚካኤል የተባሉት በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሲሆን፣ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ክርስትና ያነሡት የሚካኤልን ተቀናቃኝ ኢማም አባ ዋጠውን ነው። ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን ያገቡት ከዓመታት በኋላ ነው። የጉባኤው ውሳኔ ሙስሊም ሹማምንትን ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመት ልቀቁ የሚል ነበር። ስለዚህ ለሥልጣን ነው የሚል ሰው ቢያንስ የሚከራከርበት አለው፤ ለሠርግ ነው የሚለው ግን የለውም።

ከዚሁ ጋር "በጋብቻ ከፍ ያሉ እንግዳ" የሚል አለ። የኢማም ሊበን አመዴን ልጅ እንግዳ ማለት ወሎን አለማወቅ ነው። የወረሂመኖ ኢማሞች ከምኒልክ በፊት ለትውልዶች ወሎን ሲገዙ የኖሩ ናቸው።

"አይጠየፍ ውስጥ ጌታውና ሎሌው እኩል ተቀምጦ ይበላ ነበር።" ይኼ ደሴዎች የምንወደው ወሬ ስለሆነ መንካቱ ይከብዳል። ደጁ ለብዙ ሰው ክፍት መሆኑ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የዘመኑ የቤተ መንግሥት ግብር (ድግስ) ሥርዓት ነበረው፦ መኳንንቱ አስቀድሞ፣ በማዕረጉ፣ ጥሩውን ብልትና ጠጁን ይዞ ይቀመጣል፤ ሌላው በየተራው እየገባ የደረሰውን ይበላል። ሰንጋው፣ ማሩ፣ እህሉ ከየት መጣ? ከገባሩ ነው። ዛሬ በአዳራሹ የሚበላው በክረምት ያረሰውን፣ በበጋ የገበረውን ነው የሚበላው። ለጋስነታቸውን አልክድም፤ እኩልነት ብሎ መጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለት አጫጭር እርማቶች። የሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ አይጠየፍ አልተወለዱም፤ የተወለዱት ተንታ ነው፣ አዳራሹም ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ሚካኤልም "የኢትዮጵያ ንጉሥ" አልነበሩም። ግንቦት 23 ቀን 1906 ደሴ ላይ የተቀቡት የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነው። የሚያስገርመው አባት ዘውድ ሲደፉ በላያቸው የነገሠው ልጃቸው ኢያሱ ዘውድ ሳይጭን መውረዱ ነው።

"ሰገሌ ላይ የሚካኤል ቤት አለቀለት፤ ደሴንም የሸዋ ሰው ወረሰው።" ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላም በእስር ሞቱ። ኢያሱም ኋላ ተይዘው እስከ ዕለተ ሞታቸው ታሰሩ። በወንድ በኩል ካየነው እውነትም ቤቱ ፈርሷል። በሴት በኩል ግን የንጉሡ ልጅ ወይዘሮ ስህን ሚካኤል ለአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ተድረው መነንን ወለዱ። መነንን በ1903 ዓ.ም. ለደጃዝማች ተፈሪ (ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) ያጋቧቸው አጎታቸው ኢያሱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሰገሌ ላይ ሚካኤልን የተዋጋው ወገን የልጅ ልጃቸው ባል ወገን ነበር። ከሰገሌ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቶራ መስክ ላይ በሚካኤል ጦር የተገደሉት ራስ ልዑልሰገድ ደግሞ የመነን የቀድሞ ባል ናቸው። ጦርነቱ እንዲህ ያለ የቤተ ዘመድ ጦርነት ነበር።

የመነንና የተፈሪ የበኩር ወንድ ልጅ አስፋ ወሰን ናቸው፤ የወሎ ገዥ፣ የመርሆ ግቢ ባለቤት፣ የንጉሥ ሚካኤልም የልጅ ልጅ ልጅ። ስለዚህ ወሎ ተመልሶ በሚካኤል ዘር እጅ ገብቷል። ማስረጃውን የደሴ ሰው ሁሌ በአፉ ይዞት ይዞራል፦ በወይዘሮ ስህን ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ስንቱ ተማሪ "ስህን ነው የተማርኩት" ሲል ሴትዮዋ የማን ልጅ እንደነበሩ ልብ ይላል?

"አልጋ ወራሹን ደርግ ከመርሆ ግቢ አባረራቸው" ሲባልም ትሰማላችሁ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ እሳቸው አገር ውስጥ አልነበሩም። በ1965 ዓ.ም. ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ወጥተው እዚያው ቀሩ። ባለርስትነትን በመላ አገሪቱ የሻረው የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣም በስደት ነበሩ።

ከተማዋን የከበበውን ባሕር ዛፍ "የጥንት ደን" የሚሉም አሉ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። በልጅነቱ የወረሂመኖን ተራሮች ያየ ሚካኤል ይህን ዛፍ አላየም።

በመጨረሻ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶ በየጊዜው "ማይጨው" ተብሎ ይለጠፋል። የጣሊያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፣ ተኩሱም የዚያን ዕለት ነው። በዚያው ድብደባ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ተመትቷል። የማይጨው ጦርነት የተደረገው ከዚያ አራት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ፎቶውን የምታጋሩ ከሥሩ "ደሴ፣ ኅዳር 1928" ብላችሁ ጻፉ።