«አርፈው ይቀመጡ»፦ ስለ እርጅናና ጤና የምንሳሳታቸው ነገሮች

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚከበረው እንዲቀመጥ በማድረግ ነው። አባት የውሃ ጀሪካን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ልጅ ሮጦ ይቀማቸዋል። እናት ሽንኩርት ለመክተፍ ከተነሡ «እማዬ፣ እኛ እያለን!» ተብለው ወደ ሶፋው ይመለሳሉ። አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ የሚከርሙት ደግሞ ይብስባቸዋል፤ ውጭው በረዶ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ መኪና አይደረስበትም፣ ወራቱ ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን በመመላለስ ያልቃል። ነገሩ ፍቅር መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ስለ እርጅና ከምናምናቸው የተሳሳቱ ነገሮች ብዙዎቹ የሚቀዱት ከዚሁ «አርፈው ይቀመጡ» ከሚለው ልማድ ነው።

«ሰውነቱ የደከመ ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው» ይባላል። ለጉንፋን ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለእርጅና ግን አይሠራም። ጡንቻችን ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ይፈጥናል። ይህ የተፈጥሮ ድርሻ ነው። የቀረውን የምንጨምርበት እኛ ነን፤ ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጡንቻው የሟሸሸ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ የደከመው ደግሞ መልሶ ይቀመጣል። የጠፋው እንደማይመለስ የሚያምን ካለ በ1990 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ የተሠራ አንድ ጥናት ይመልስለታል። በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ 10 አቅመ ደካሞች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። እስከ መጨረሻው በዘለቁት 9 ሰዎች ላይ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ የጭናቸው ጡንቻም 9 በመቶ ያህል ወፈረ። እንግዲህ በ90 ዓመት ጡንቻ ከጨመረ፣ ትናንት ጡረታ የወጣ የ60 ዓመት ሰው «ከእንግዲህ ምን ይበጀኛል» ሊል አይገባውም።

ታዲያ «እኔ በየቀኑ ስለምራመድ ይበቃኛል» የሚሉም አሉ። መራመድ ድንቅ ነገር ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ግን ሚዛንን የሚያስጠብቅና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምርበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቅ ሰውን አልጋ ላይ ከሚጥሉት ነገሮች አንዱ ተንሸራትቶ ወድቆ የዳሌ አጥንት መሰበር ነው። የእግርን አቅም ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ወንበር ጀርባውን ለግድግዳ አስጠግተው፣ ክንድዎን ደረት ላይ አጣምረው፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ቀጥ ብለው ቆመው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ባለው ዕድሜ ወንድ ከ12፣ ሴት ከ11 በታች ከሆኑ የመውደቅ ሥጋቱ ከፍ ይላል። መለኪያው ራሱ መድኃኒትም ነው፤ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ጭንን ያበረታል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ግን በቀስታ ይጀምሩ፤ ድንገት ብድግ ማለት ራስን ሊያዞር ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱ አባትና በጾም ወቅት ስግደት የማያስታጉሉ እናት ከወለል የመነሣት ልማዳቸውን ሳያውቁት ጠብቀውታል። የሚሰገደው ለአምልኮ ነው፤ ጭንና ዳሌ ግን ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም የሚባለውም ብዙ ሰው ተስፋ ያስቆርጣል። ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ጥቅሙ ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ አካባቢ ላይ ሲደርስ እምብዛም አይጨምርም።

«ጉልበቴን እያመመኝ እንዴት ልንቀሳቀስ?» የሚለው ጥያቄ ግን የሚናቅ አይደለም። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲተጣጠፍና ሲዘረጋ ከውስጡ ካለው ፈሳሽ ነው። የተቀመጠ ጉልበት የሚደርቀው ለዚህ ነው። በዕድሜ ለሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች በቅድሚያ ከሚያዙት አንዱ የአካል እንቅስቃሴ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ጉልበቱ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ከጋለ ግን መጀመሪያ መታየት አለበት።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ «ለትልቅ ሰው ሻይ በዳቦ ይበቃዋል» የሚለውን የሚያህል ጎጂ አባባል አላውቅም። የሚያስፈልገው የምግብ ብዛት መቀነሱ እውነት ነው፤ የፕሮቲን ፍላጎት ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል። የዘርፉ ባለሙያዎች ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር ደግሞ 9 ግራም ገደማ አለው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ጾም ያዳክማል የሚለውም በደፈናው ልክ አይደለም። እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ወጥ በፕሮቲን በኩል የተሟላ ምግብ ነው። የሚያዳክመው ጾሙ ሳይሆን ሽሮውን አቅጥኖ እንጀራውን ማብዛቱ ነው። አንድ ነገር ግን ከዕፀዋት አይገኝም፤ እርሱም ቫይታሚን ቢ12 ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሆድ ይህን ቫይታሚን የመምጠጥ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚርቁ፣ ወይም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የተባለውን፣ ቢ12ን ሊቀንስ የሚችል መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በደም ምርመራ ቢያረጋግጡ ይበጃል።

ጤፍ ስኳር አይጨምርም ተብሎ እንጀራ የሚደራረብበት ቤትም አለ። ይጨምራል፤ ወሳኙ መጠኑ ነው። ጨው ቀንሻለሁ የሚሉ ደግሞ ጨው የሚቆጥሩት ወጡ ላይ የነሰነሱትን ብቻ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባባቸውን ይረሱታል። የቀኑ ጣሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ፣ ከ5 ግራም በታች ናት።

በመጨረሻ፣ አባት ሲከሱ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሳያስቡት በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ የቀነሰ ሰው መመርመር አለበት። ከጀርባው የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ ካንሰር ወይም ድብርት ሊኖር ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ጥርሳቸው ረግፎ ማኘክ አቅቷቸዋል፣ ለመናገር ግን ያፍራሉ። እንዲህ ላሉት ሥጋው ተፈጭቶ፣ እንቁላሉ ለስለስ ብሎ፣ ክኩ በደንብ በስሎ ይቅረብላቸው፤ ወደ ጥርስ ሐኪምም ይወሰዱ።