√2 ትልቅ ነው ትንሽ? ሴጅማትን ከመውቀሳችን በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ከሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ጋር ቡና ይዘን ላፕቶፕ ከፍተን ነበር። አንደኛው ቁጥሮቹን ሴጅማት በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ደርድሮ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር አብዷል" አለኝ። ከ1+√2 ዜሮን አስበልጦበታል። አላበደም። በጨዋታው መሀል የሰማኋቸውን አጉል እምነቶች ላንሳ።

"√2 እኮ 1.414 ነው፤ ኮምፒውተሩ ይህ ይጠፋዋል?"

ካልነገርነው አዎ። መስኩን (መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ከዜሮ በቀር ማካፈል የሚቻልበትን የቁጥር ስብስብ) "ስኩዌሩ 2 የሆነ ነገር" ብለን ብቻ ከፈጠርነው፣ ያ ነገር 1.414… ወይም -1.414… ሊሆን ይችላል። አልጀብራው ሁለቱን አይለያቸውም። ባህር ዳር አባይ ድልድይ ላይ ቆሞ "መሀል ከተማው በየት ነው?" እንደተባለ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ሐይቁ ካዞረ በግራው፣ ጀርባውን ከሰጠ በቀኙ። 1+√2ም በአንዱ ሩት 2.414…፣ በሌላው -0.414… ነው። የሩቱ ምርጫ ኢምቤዲንግ ይባላል። የሴጅማት "ኳድራቲክፊልድ" ለ2 ፖዘቲቩን ራሱ ይመርጣል፤ "ነምበርፊልድ" ግን እኛን ይጠብቃል። ልጁ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኔጋቲቩን ሩት ሰጥቶታል።

"ኤረር ካልሰጠ ድርደራው ልክ ነው።"

ኧረ በፍጹም! ሶፍትዌር አንዳንዴ ኮኤፊሸንቶችን (በ3+5√2 ውስጥ 3ንና 5ን) ብቻ አይቶ ይደረድራል። ሊስት በሥርዓት ለማተም ይጠቅማል፤ ስለ ትልቅና ትንሽ ግን ምንም አይነግረንም።

"ወደ ዴሲማል ቀይሮ ማወዳደር ይበቃል።"

እኔም ተሸውጄበታለሁ። 577/408ን ከ√2 ጋር እናወዳድር። የ577 ስኩዌር 332929፣ የ408 ስኩዌር እጥፍ ደግሞ 332928። ክፍልፋዩ በለጠ፤ ዴሲማል አላስፈለገም። አሁን 886731088897/627013566048ን እንሞክር። የተለመደው የፓይተን የዴሲማል ቁጥር (ፍሎት የሚባለው) ከ√2 ጋር "እኩል ነው" ይላል፤ ከ16 አሃዝ ገደማ በላይ አይዝማ። √2 ክፍልፋይ ስላልሆነ እኩል ሊሆኑ አይችሉም። ጎበዝ ሶፍትዌር መጀመሪያ ልዩነቱ ዜሮ መሆን አለመሆኑን በአልጀብራ ያጣራል። ካልሆነ ልዩነቱ ያለበትን ክልል ዜሮ ከውስጡ እስኪወጣ ድረስ ያጠባል። ማጣሪያው ከተዘለለና ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ፣ ሲያጠብ ይኖራል።

"ማንኛውም መስክ ይደረደራል።"

የ-1 ስኩዌር ሩት ያለበት አይደረደርም። በተደረደረ መስክ (ትልቅና ትንሹ ከመደመርና ከማባዛት ጋር በሚስማማበት) ዜሮ ያልሆነ ስኩዌር ሁሉ ፖዘቲቭ ነው። እዚህ ግን 1ም -1ም ስኩዌር ናቸው፤ ድምራቸው ደግሞ ዜሮ። አለቀ።

ሁለተኛው ተማሪ "የ2 ኩብ ሩትስ?" አለ። ሦስት ሩት አለው፤ ሪል የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ መስክ የሚደረደረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ያንንም ቢሆን መንገር ነው።